ሽበት ያወጣ ድንጋይ ከተዳፋቱ አይነሳ

ጥር ሲገባ በይፋት ቆላ የሚታየው ሥራ የታወቀ ነው። ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ከጀውሃ በላይ ባሉት ተዳፋቶች ዶማ፣ አካፋና ድጅኖ የያዘ ሕዝብ በማለዳ ይወጣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በገመድና በውኃ ልክ መስመር ያስይዛል፤ ጎልማሳው ድንጋይ ይፈነቅላል፤ ሴቶችና ወጣቶች ያቀብላሉ፤ እርከኑ ይካባል። ማምሻውን የተሠራው በሜትር ይለካና ከቀበሌው ለወረዳው፣ ከወረዳው ለዞኑ ሪፖርት ይደረጋል።

የተፋሰስ ልማት ሥራው ያስገኘው ጥቅም የሚካድ አይደለም። በደንብ በተሠራበትና ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ በተጠበቀበት ቦታ ሁሉ የተራቆተ ኮረብታ ሣር አብቅሏል፤ ቦረቦር ተገትቷል። አርሶ አደሩ ለሳምንታት ያለ ክፍያ ጉልበቱን የሚሰጠውም ውጤቱን ስላየ ነው።

ሆኖም በዚህ ሁሉ ድካም መካከል ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ ጥያቄ አለ። ለእርከኑ የሚሆነው ድንጋይ ከየት ይነሳ? በሥራው ዕለት መልሱ "ከቅርቡ" ይሆናል። ቅርቡ ደግሞ ከመስመሩ በላይና በታች፣ በዚያው ተዳፋት ላይ አፈር ይዞ የተቀመጠው ድንጋይ ነው። ጀርባው አመድማ፣ አንዳንዱም ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ቅርፊት የለበሰ፣ ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ነው። ይህ ቅርፊት የድንጋይ ሽበት ይባላል። ድንጋዩ በድጅኖ ተፈንቅሎ ሲገለበጥ ሽበቱ ወደ ታች ይሆናል፤ በቦታው ላይ የላላ አፈር ያለበት ጉድጓድ ይቀራል። ያ ጉድጓድ የሚመጣው ዝናብ መጀመሪያ የሚያገኘው መንገድ ነው።

በሰው ዘንድ ሽበት የዕድሜ ምልክት ነው፤ ሽበት ያለው ሰው ባለበት ጉባኤ ሳይጠየቅ የሚወሰን ነገር የለም። በተዳፋት ላይ ያለው ባለ ሽበት ድንጋይም ሳይጠየቅ መነሳት የለበትም። አፈሩን ይዞ ያቆየው እርሱ ነው፤ ስንት አፈር እንደ ሄደ የሚመሰክረውም እርሱ ነው።

ሽበቱ ምንድን ነው?

የድንጋይ ሽበት በሳይንሱ ላይከን ይባላል። ሲያዩት አንድ ተክል ይመስላል እንጂ አንድም አይደለም፣ ተክልም አይደለም። ፈንገስና አልጌ ተባብረው የሚኖሩበት የጋራ ኑሮ ነው። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1867 ያስረዳው ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር ሲሆን፣ የዘመኑ ሊቃውንት ብዙዎቹ አልተቀበሉትም ነበር። ዛሬ ግን የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። ፈንገሱ ድንጋዩን ቆንጥጦ ይይዛል፣ እርጥበት ያቆያል፣ ለአልጌው ከለላ ይሆናል። አልጌው ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። በአንዳንዶቹ ውስጥ በአልጌው ፋንታ ሳይኖባክቴሪያ የተባለ ደቂቅ ሕይወት ይኖራል። ይህኛው በማሾና በባቄላ ሥር እባጭ ውስጥ እንደሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሁሉ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለሕይወት እንዲጠቅም ያደርጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ሁለቱ ለየብቻቸው ሊኖሩበት በማይችሉት በጠራራ ድንጋይ ላይ አንድ ላይ ሆነው ይኖራሉ።

ላይከን ሥር የለውም። ውኃ የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከጉም ነው። በጋ ሲረዝም ደርቆ እንደ ሞተ ይሆናል፤ እርጥበት ሲነካው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። ከእሳተ ገሞራ በወጣው የይፋት ጥቁር ድንጋይ ላይ ወራት ሙሉ የሚያቃጥለውን ፀሐይ ችሎ የሚያልፈው በዚህ ጠባዩ ነው። የሚያመነጫቸው አሲዶች የድንጋዩን ገጽ እጅግ በዝግታ ያፈረካክሳሉ። ከዚያ የሚወጣው ደቃቅ ነገር ነፋስ ካመጣው አቧራና ከራሱ ከላይከኑ ብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይከማቻል። በስንጥቁ ውስጥ የምትበቅለው የሣር ቡቃያ የቆመችው በዚያ ላይ ነው።

ለግብርናው ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዝግታው ነው። በድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚያድገው ቅርፊት መሰል ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን የሚገፋው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ቢገፋ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሽበት ለመሆን 50 ዓመት ይፈጅበታል። ይህም ማለት ዛሬ በአንድ ድንጋይ ጀርባ ላይ እንደ መዳፍ ሰፍቶ የሚታይ ሽበት የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀበት በ1967 ዓ.ም. ገደማ የጀመረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኦስትሪያዊው ሮላንድ ቤሸል እ.ኤ.አ. በ1950 ይህንን ዝግታ የጊዜ መለኪያ አድርጎታል፤ የበረዶ ግግር ሸሽቶ የተዋቸውን ድንጋዮች ዕድሜ በላያቸው ላይ ባደገው ላይከን ስፋት ገምቷል። ዘዴው ዛሬ የናዳንና የመሬት መንቀጥቀጥን ዘመን ለመገመትም ያገለግላል።

ይህ ሲባል ሽበት በሁሉም ቦታ ይጠበቅ ማለት አይደለም። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ የጥገና ባለሙያዎች ላይከንን ከዝናብና ከእርጥበት ጋር ድንጋዩን ከሚጎዱት ነገሮች መካከል ይቆጥሩታል። በሎሚ፣ በብርቱካንና በማንጎ ግንድ ላይ ሲታይ ደግሞ አንዳንድ አርሶ አደር በሽታ መስሎት ይፍቀዋል ወይም መድኃኒት ይረጭበታል። ይህ ከንቱ ወጪ ነው። ላይከኑ ግንዱ ላይ ተቀመጠ እንጂ ከዛፉ ምግብ አይወስድም። ዛፉ ከደከመ ምክንያቱ በውኃው፣ በአፈሩ ወይም በተባዩ ሊፈለግ ይገባል።

ድንጋዩ የሚመሰክረው

ሽበት የሚያወጣው ያረፈ ድንጋይ ነው። ማረሻ በየዓመቱ የሚገለብጠው የማሳ ድንጋይ ሽበት አያወጣም። ጎርፍ በየክረምቱ የሚያንከባልለው የወንዝ ድንጋይም ሙልጭ ያለ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ተዳፋት ወጥቶ ድንጋዮቹን ቢመለከት፣ የትኛው ቦታ ሳይናጋ እንደ ኖረና የትኛው በቅርቡ እንደ ተነካ ያለ መሣሪያ ሊያውቅ ይችላል። ሽበቱ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች የዞረ ድንጋይ በበዛበት ቦታ ሰው ፈንቅሎታል፣ ከብት አንከባልሎታል ወይም ውኃ አንሸራትቶታል።

ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ሌላ ምልክትም አለ። ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ላይ ሽበቱ የሚያድገው ከአፈሩ በላይ ባለው ገጽ ላይ ነው። ከአፈሩ በታች ያለው ብርሃን ስለማያገኝ ባዶ ይሆናል። አፈሩ ካልተነካ የሽበቱ ጠርዝ እስከ አፈሩ ድረስ ይደርሳል። አፈሩ ከታጠበ ግን በሽበቱ ጠርዝና በመሬቱ መካከል ሽበት የሌለበት፣ አንዳንዴም የአፈር ቀለም የያዘ ባዶ ቀበቶ ይታያል። ላይከን እጅግ በዝግታ ስለሚያድግ በቅርብ ዓመታት የተጋለጠውን ይህን ቀበቶ ፈጥኖ አይሸፍነውም። የቀበቶው ቁመት የሄደው አፈር ቁመት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ሔክታር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር አፈር ሲጠረግ 100 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1 ነጥብ 2 ቶን ቢመዝን ይህ 120 ቶን ይሆናል፤ በኩንታል 1 ሺህ 200 ማለት ነው። በኢትዮጵያ ለሚታረስ መሬት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አማካይ የአፈር መሸርሸር ግምት በዓመት በሔክታር 42 ቶን ነው፤ በተመሳሳይ ስሌት 3 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው። በ10 ዓመት ግን 3 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቀበቶ በድንጋዩ ወገብ ላይ ሲታይ ያ ሁሉ አፈር ከዚያ ተዳፋት ወርዷል ማለት ነው።

የአፈር መሸርሸርን በትክክል መለካት ዋጋው ውድ እንደ ሆነ ሰሜን ሸዋ ከማንም በላይ ያውቃል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው አንዲት ጥድ በ1970ዎቹ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የዝናቡን መጠን፣ የጎርፉንና የደለሉን ብዛት ለበርካታ ዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ግን በየቀበሌው ሊኖር አይችልም። በየተዳፋቱ ያለው ባለ ሽበት ድንጋይ ደግሞ ያለ በጀት ተተክሎ የቆመ መለኪያ ነው። እንደ ምርምር ጣቢያ ትክክለኛ አይደለም። የድንጋዩን ዙሪያ ፍየል ሊረግጠው፣ ዝናብም አፈር ሊረጭበት ይችላል። ከድንጋዩ በላይ በኩል አፈር ይጠራቀማል፤ በታች በኩል ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይቦረቦራል። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ዓይቶ መፍረድ አይገባም። በአንድ ተዳፋት ላይ አሥር ወይም ሃያ ድንጋዮችን መርጦ፣ የግራና የቀኝ ጎናቸውን በማስመሪያ ለክቶ አማካዩን መያዝ ይበቃል። ይህንን ለመሥራት አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅበትም።

ድንጋዩ ከተነሳ ግን ምስክርነቱም አብሮ ይነሳል። እርከኑ ከመሠራቱ በፊት ስንት አፈር ይሄድ እንደ ነበር፣ ከተሠራ በኋላስ ይቁም አይቁም የሚናገር ነገር አይቀርም። የሚቀረው በሜትር የተጻፈው ሪፖርት ብቻ ነው።

ሲነሳ የሚጎዳው ማን ነው?

በተዳፋት ላይ ያለ ድንጋይ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አይደለም። የዝናብ ጠብታ አፈሩን በቀጥታ እንዳይመታው ይከላከላል። የሚወርደውን ውኃ እየከፋፈለ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ውኃው በዙሪያው እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል። ከሥሩ ያለውን አፈር ከፀሐይ ጋርዶ እርጥበቱን ያቆያል። ከብት የማይደርስበት የሣር ዘር የሚያርፈውም በድንጋዩ ሥር ነው። በትግራይ ደጋማ አካባቢ በማሳ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ድንጋይ ተለቅሞ ሲወጣ የሚታጠበው አፈር እንደሚጨምር አሳይተዋል። ድንጋዩን ጨርሶ ከማሳው ላለማውጣት የሚከራከር አርሶ አደር ሰነፍ ተብሎ የሚወቀስበት ጊዜ አለ፤ ነገሩ ግን ከልምድ የመጣ ዕውቀት ነው።

በድንጋዮቹ መካከል ባለው ባዶ መሬት ላይም ሌላ ሕይወት አለ። ላይከን፣ ሳይኖባክቴሪያና ሌሎች ደቂቃን የአፈሩን ገጽ በስስ ቅርፊት ይሸፍኑታል። ይህ ቅርፊት በዓለም ላይ 12 በመቶ የሚሆነውን የየብስ ገጽ እንደሚሸፍን ይገመታል፤ በተለይ በደረቃማና በከፊል ደረቃማ አካባቢዎች አፈሩን ከነፋስና ከጎርፍ ይይዛል። ሲረገጥ ይሰባበራል፤ አንዴ ከተሰባበረ ለማገገም ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ድንጋይ ፍለጋ ተዳፋቱን ወዲያና ወዲህ የሚረግጠው ብዙ እግር፣ አፈር ለማዳን በወጣበት ቀን አፈር የያዘውን ቅርፊት ያፈርሳል።

ጉዳቱ ደግሞ ከተዳፋቱ ባለቤት አልፎ ይሄዳል። የይፋት ቆላ ኑሮ ከላይ በሚመጣ ውኃ ላይ የቆመ ነው። የጀውሃና የሮቢት ወንዞች ከምዕራቡ ተዳፋት ወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳሉ፤ በመንገዳቸው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ ያጠጣሉ። ከላይ የታጠበው አፈር ከታች በመስኖ ቦይ ውስጥ ደለል ሆኖ ይጠራቀማል። ቦዩን ለመጥረግ የሚወጣው የውኃ ተጠቃሚው ማኅበር አባል ነው። ክረምት በገባ ቁጥር በወንዝ ዳር ያለ ማሳ በአሸዋና በድንጋይ ሲሸፈን የሚያየውም የቆላው አርሶ አደር ነው። በላይኛው ተዳፋት ላይ የተፈነቀለ ድንጋይ ዕዳው በታችኛው ማሳ ላይ ይከፈላል።

ታዲያ ድንጋይ ከየት ይምጣ?

ይህ ጥያቄ ከአርሶ አደሩም ከባለሙያውም መነሳቱ ትክክል ነው። እርከን ያለ ድንጋይ አይካብም። ድንጋይ ከሩቅ መሸከም ጉልበት ይጨርሳል፤ የቀኑ ሥራም ይቀንሳል። ኮታ የተሰጠው የልማት ቡድን መሪ በሜትር የሚመዘን ከሆነ ከቅርቡ ማንሳቱ አይገርምም።

መልሱን ግን ሽበቱ ራሱ ይሰጣል። ሽበት የሌለውን ድንጋይ አንሳ፤ ሽበት ያለውን ተው። ይህ ሕግ ማንበብና መጻፍ ለማይችልም ሆነ በሥራ ላይ ላለ ተማሪ በአንድ ደቂቃ የሚገባ ነው። ሽበት የሌለው ድንጋይ ከማሳ የተለቀመው፣ ጎርፍ በቦረቦር ውስጥ ያመጣው፣ ወንዝ በሜዳ ላይ የጣለው፣ ከድንጋይ ማውጫ ተፈልጦ የወጣው ነው። እነዚህ ሁሉ በቦታቸው አፈር ያልያዙ ድንጋዮች ናቸው። ከወንዝ ሲነሳ ደግሞ ዳርቻውን ከሚደግፈው ሳይሆን በመሐል ከተከመረው እንዲሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሕጉ ሁለት ልዩ ሁኔታዎች ይኖሩታል። አንደኛው በማሳ ዳር ለዘመናት የተከመረ የድንጋይ ክምር ነው። በላዩ ሽበት ቢኖርም ተለቅሞ የተከመረ እንጂ ተዳፋት የያዘ ስላልሆነ ሊነሳ ይችላል። ሁለተኛው የእርከኑ መስመር በራሱ በተቀበረ ትልቅ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ ድንጋዩን ከመፈንቀል ይልቅ በቦታው ትቶ ካቡን ከእርሱ ጋር ማያያዝ ይሻላል። አዲስ ከተቀመጠ ድንጋይ ይልቅ ሥሩ የተቀበረው ጎርፉን ይችላል። ግድ ሆኖ ባለ ሽበት ድንጋይ ቢነሳ እንኳ ሽበቱ ወደ ብርሃን ዞሮ እንዲቀመጥ ማድረግ ተጨማሪ ጉልበት አይጠይቅም።

የቆየ እርከን ጉዳይም በዚህ ረገድ መነሳት አለበት። ካቡ ሽበት ካወጣ ለብዙ ዓመታት ሳይፈርስ ቆሟል ማለት ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል አፈር ገብቷል፣ ሣር ሥር ሰዷል። እንዲህ ያለውን አፍርሶ በዚያው ድንጋይ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ እንደ አዲስ መካብ ለሪፖርት ካልሆነ ለመሬቱ የሚጠቅመው ነገር የለም። የተሸነቆረውን መጠገን፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ማድረግ፣ በላዩ ሣርና ቁጥቋጦ መትከል የተሻለ ነው። ይህ እንዲሆን ግን ጥገና በሪፖርቱ ውስጥ ከአዲስ ሥራ እኩል ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ለቁጥር ሲባል በጥድፊያ የተካበ እርከን በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይናዳል፤ በቀጣዩ ጥር ያው ቦታ ላይ ያው ሕዝብ ይወጣል።

ከተሞች ሲያድጉ ለግንባታ የሚፈለገው ድንጋይም ይጨምራል። በማኅበር ተደራጅተው ድንጋይ የሚያቀርቡ ወጣቶች ከሥራቸው እንዲፈናቀሉ የሚፈልግ የለም። የሚያስፈልገው ከየተዳፋቱ ላይ ላዩን መልቀም ቀርቶ በተወሰነና በታወቀ ማውጫ ላይ ወደ ጥልቅ እንዲሠሩ ቦታ መስጠት ነው። አንድ ማውጫ አንድ ቦታ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ መልቀም ግን ተዳፋቱን በሙሉ ያራቁታል።

ድንበርና ቅርስ

የባለ ሽበት ድንጋይ ምስክርነት ለሌሎች ሁለት ጉዳዮችም ይጠቅማል። የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ ነው። በሁለት ጎረቤቶች መካከል "ድንጋዩ ተነስቷል፣ አልተነሳም" የሚል ክርክር ሲነሳ፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ወይም ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ራሱን ቢያዩት ጥሩ ነው። ሽበቱ ወደ ላይ ሆኖ ጠርዙ ከአፈሩ ጋር ከተስማማ ድንጋዩ በቦታው የቆየ ሳይሆን አይቀርም። ሽበቱ ከአፈር በታች ከተገኘ ወይም ወደ አንድ ጎን ከዞረ በቅርብ ጊዜ ተነክቷል። ይህ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ባለ ሽበት ድንጋይ ከሌላ ቦታ አምጥቶ የሚተክል ሰው ሊኖር ይችላል፤ የይዞታ ደብተሩና የምስክሮቹ ቃል ከእርሱ ጋር መታየት አለበት። ነገር ግን ቂም ከመቋጠሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ማየት ምንም አያስከፍልም።

ሁለተኛው የቅርስ ጉዳይ ነው። ይፋት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሱልጣኔት መቀመጫ ነበር። በተዳፋቱ ላይ እንደ ኖራና አስበሪ ባሉ ቦታዎች በድንጋይ የተካቡ የጥንት መስጊዶችና የመኖሪያ ቤቶች ፍርስራሾች ይገኛሉ፤ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎችም አጥንተዋቸዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላልተነገረው ሰው ተራ የድንጋይ ክምር ነው፤ በደንብ የተጠረበና ለካብ የሚመች ድንጋይም አለበት። በቀጥታ መስመር ወይም በማዕዘን የተደረደረ፣ ሽበት ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ተሻግሮ ያያያዘው ድንጋይ ሲገኝ ሥራው ቆሞ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊነገር ይገባል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሳትን አይፈቅድም። አፈር ለማዳን በሚደረግ ሥራ የአካባቢው ታሪክ እንዳይፈርስ መጠንቀቅ የሁሉም ድርሻ ነው።

ከሚመለከታቸው የሚጠበቀው

ይህ ሁሉ አዲስ በጀት ወይም አዲስ መዋቅር አይጠይቅም። የቀወትና የኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚቀጥለው የተፋሰስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አራት ነገሮችን ቢያደርጉ ይበቃል።

አንደኛ፣ የእርከን መስመር ሲወጣ የድንጋዩም ምንጭ አብሮ ይወሰን። ቀያሹ "እዚህ ይካባል" ሲል "ድንጋዩ ከዚያ ይመጣል" ማለትም ሥራው ይሁን። ግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የማኅበረሰብ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ዕቅዱ ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲወጣ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ዝርዝር ከአካባቢው ሰው ዕውቀት ስለሚገኝ ነው። የትኛው ቦረቦር ድንጋይ እንዳለው ከማንም በላይ የሚያውቀው እረኛው ነው።

ሁለተኛ፣ በሥራው የመጀመሪያ ቀን ለልማት ቡድን መሪዎች ባለ ሽበት ድንጋይ በዓይን ይታይ፤ ለምን እንደማይነሳም በአጭሩ ይነገር። ሕጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ስለሆነ ረዥም ሥልጠና አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ተፋሰስ ውስጥ ሃያ ያህል ባለ ሽበት ድንጋዮች ተመርጠው በቀለም ቁጥር ይሰጣቸው፤ ቀለሙ በሽበቱ ላይ ሳይሆን በባዶ ገጽ ላይ ይሁን። በሽበቱ ጠርዝና በአፈሩ መካከል ያለው ቁመት ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ይለካ፣ ፎቶም ይነሳ። በእጅ ስልክ የሚሠራ ነው። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የወረዳው ኃላፊ ስለ አንድ ተፋሰስ ሲጠየቅ "ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተካበ" ከማለት አልፎ "አፈሩ ቆመ" ወይም "አልቆመም" ብሎ መልስ መስጠት ይችላል።

አራተኛ፣ ከንክኪ ነፃ የተደረገ ተዳፋት ላይ የሚደረገው ጥበቃ ከብትን ብቻ ሳይሆን ድንጋይ ለቃሚንም ይመልከት። በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ሣር ማጨድ፣ ማገዶ መልቀምና ከብት ማስገባት ሲዘረዘር ድንጋይ ማንሳትም ስሙ ይጠቀስ።

አርሶ አደሩ ደግሞ ይህንን ለመጀመር የጥርን ዘመቻ መጠበቅ አያስፈልገውም። ከብቱን ሲያሰማራ፣ ማገዶ ሲለቅም ወይም ወደ ገበያ ሲሄድ በማሳው ራስጌ ያለውን አንድ ባለ ሽበት ድንጋይ ጎንበስ ብሎ ይመልከት። የሽበቱ ጠርዝ ከአፈሩ ጋር ተስማምቶ ከሆነ መሬቱ ደህና ነው፤ ድንጋዩንም አይንካው። በመካከላቸው ሁለት ጣት ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ቦታ ካለ ግን የእርከን ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያ ቦታ ነው። ይህንንም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያሳየው፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ይቆይ።